የዓባይን መሻገሪያዎች በራስ መጎብኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጉዞው ከየት ተነሥቶ የት ይደርሳል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚመለስ ዙር ነው። መውጫው በደብረ ሊባኖስ፣ በጎሃ ጽዮን፣ በዓባይ በረሃ፣ በደጀን፣ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በሞጣና በአዴት አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። መመለሻው በመራዊ፣ በዳንግላ፣ በኮሶበር (እንጅባራ)፣ በቲሊሊ፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በደብረ ማርቆስ ነው። በሞጣ በኩል አዲስ አበባ–ባሕር ዳር 490 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በደብረ ማርቆስ በኩል ደግሞ 560 ገደማ።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፦ ዓባይን ዳር ዳሩን ተከትሎ የሚሄድ መንገድ የለም። ወንዙ ከጣና ወጥቶ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ፣ በመጨረሻ ወደ ምዕራብ እየታጠፈ ጎጃምን ከሦስት ወገን ይከባል። ገደሉ ጥልቅ ስለሆነ ከተሞቹ ያሉት ላይ፣ ደጋው ላይ ነው። ስለዚህ ወንዙን የሚያገኙት በጥቂት ቦታ ብቻ ነው፤ ምንጩ ላይ፣ ከሐይቁ በሚወጣበት በር ላይ፣ ፏፏቴው ጋ፣ ድልድዮቹ ጋ። የወንዙም ታሪክ በአብዛኛው የተከማቸው እዚያው መሻገሪያው ላይ ነው። ካርታ ላይ ሰማያዊውን መስመር እያዩ «በዚህ በኩል ቅርብ ነው» ብለው መንገድ ቢመርጡ ገደል አፋፍ ላይ ይቀራሉ።

አሁን መሄድ ይቻላል? መንገዱ ሰላም ነው?

ለዚህ ጥያቄ የዛሬ መልስ ለነገ አይሠራም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት መንገዶች ሳይታሰብ ይዘጋሉ፣ ይከፈታሉም። በኦሮሚያ ሰሜን ሸዋ በኩል፣ በገብረ ጉራቻ አካባቢ፣ መንገደኞች የታገቱባቸው ጊዜያት ነበሩ። ሁኔታውን የሚያውቁት በዚያው ሳምንት መንገዱን የሄዱ ሾፌሮችና ረዳቶች ናቸው። ከመነሣትዎ አንድ ቀን በፊት መናኸሪያ ሄደው ሁለትና ሦስት ሰው ይጠይቁ፤ የሚሄዱበት ከተማ ውስጥ የሚያውቁት ሰው ካለም ጠዋት ከመነሣትዎ በፊት ይደውሉ። «ትናንት መኪና ገብቷል ወይ? ስንት ሰዓት ላይ?» ብሎ መጠየቅ «ሰላም ነው ወይ?» ከማለት ይሻላል፤ ለሁለተኛው ሁሉም ሰው «ሰላም ነው» ብሎ ይመልሳል።

ቋሚ ደንቡ ሁለት ነው፦ ከ11 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አይገኙ፤ መታወቂያዎን ከእጅዎ አይለዩ። ዙሩ በሙሉ የማይቻል ከሆነ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ገብቶ የሐይቁን በርና የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ብቻ ማየት ይቻላል። እንዲያም ሆኖ የጢስ ዓባይን መንገድ በዚያው ቀን መጠየቅ አይቀርም።

ስንት ቀን ይፈጃል?

በራስ መኪና 7 ቀን፣ በሕዝብ ማመላለሻ 9 ወይም 10 ቀን። ቀን የሚበላው ርቀቱ ሳይሆን ከዋናው መንገድ ወደ ወንዙ መውረድና መውጣቱ ነው። ከሞጣ በታች ያለው ሰባራ ድልድይ ብቻውን አንድ ሙሉ ቀን ይወስዳል፤ የዓባይ ምንጭ ያለበት ግሽ ዓባይም እንዲሁ። ጊዜ ካጠረዎት የሚቀረው ሰባራ ድልድይ ይሁን እንጂ ጢስ ዓባይን በግማሽ ቀን ሩጫ አያበላሹት።

በየትኛው ወር ልሂድ?

እዚህ ላይ ሁለት ፍላጎቶች ይጋጫሉ። ፏፏቴው የሚሞላው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። ያን ጊዜ ግን የግሽ ዓባይ መንገድ ጭቃ ነው፣ የሰባራ ድልድይ ቁልቁለት ያንሸራትታል፣ ጢስ ዓባይ ላይ ያለው ጀልባም ወራጁ ሲበረታ አያሻግርም። ከታኅሣሥ በኋላ መንገዱ ሁሉ ይደርቃል፤ ፏፏቴውም አብሮ ይከሳል።

ሁለቱን የሚያስታርቀው የጥቅምት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ሐይቁ ግን ገና ሙሉ ነው፣ ሜዳውም አልደረቀም። ሚያዝያና ግንቦት ከሁሉም የከፉ ናቸው፤ በረሃው ይፋጃል፣ ፏፏቴው ቀጭን ነው።

የዓባይ በረሃን በራሴ መኪና ስወርድ ምን ልጠንቀቅ?

ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት። አፋፉ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ሲሆን ድልድዩ ያለው 1,000 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከደጋ ቆላ ይገባሉ ማለት ነው።

አደጋ የሚመጣው ከፍሬን ነው። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ የወረደ መኪና ፍሬኑ ይግልና መያዝ ያቆማል። ገና ከጎሃ ጽዮን ሲወጡ ዝቅተኛ ማርሽ (አንደኛ ወይም ሁለተኛ) ያስገቡና ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ ያድርጉ፤ ፍሬን እየረገጡ ይልቀቁ እንጂ ረግጠው አይቆዩ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፍሪ መውረድ እዚህ መንገድ ላይ ሕይወት ያስከፍላል። የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ ከመጣ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገው ይቁሙና 20 ደቂቃ ያሳርፉት፤ የጋለ ፍሬን ላይ ውኃ አይድፉ። ዳገቱ ላይ ደግሞ ተራው የራዲያተሩ ነው። የሙቀት መለኪያው ከወጣ ይቁሙ፣ ክዳኑን ግን እስኪበርድ አይንኩት።

አስፋልቱ በየቦታው የተኮማተረውና የተሰነጠቀው በሥራ ጉድለት ብቻ አይደለም። ሥሩ ያለው ልል አፈር ክረምት በመጣ ቁጥር ይንሸራተታል፤ ከባድ መኪኖች ደግሞ ይጨምሩበታል። አዲስ የተጠገነ ቦታ እንኳ በዓመቱ ሊሰምጥ ስለሚችል «ባለፈው ደህና ነበር» ብለው አይፍጠኑ።

መኪና የማይነዳ ሰው በመስኮት ድንጋዩን ይይ። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ነጣ ያለ ጄሶ ያለበት ንብርብር፣ ታች ወንዙ አጠገብ እንደገና ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል። የጄሶው ንብርብር በሥነ ምድር ባለሙያዎች ዘንድ የሚጠራው በዚችው በጎሃ ጽዮን ስም ነው።

ታች ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን አሉ። አሮጌው ከጣሊያን ወረራ በኋላ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው ነው። በኬብል የተወጠረው ረጅሙ የህዳሴ ድልድይ ነው፤ 303 ሜትር ይረዝማል፤ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ጳጉሜን ውስጥ ተመረቀ። ሁለቱንም ጥበቃ ይጠብቃቸዋል፤ ድልድዩ ላይ ቆሞ ፎቶ ማንሣት አይፈቀድም። ፎቶ ካስፈለገዎት ከላይ ከመታጠፊያዎቹ ያንሡ፤ ወታደር ካለ አስቀድመው ይጠይቁ።

«የፖርቱጋል ድልድይ» የሚባለው የትኛው ነው?

ስሙ ከሚገባው በላይ ለብዙ ድልድይ ተሰጥቷል። በዚህ ጉዞ ላይ በዚህ ስም የሚጠሩ ሦስት ድልድዮች ያገኛሉ፤ ዕድሜያቸው ይለያያል።

ደብረ ሊባኖስ አጠገብ፣ ጉር ወንዝ ላይ ያለው ከሦስቱ ወጣቱ ነው። ያሠሩት የዐፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው፤ ዘመኑም 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ነው። ያኔ ፖርቱጋሎቹ ከሄዱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አሠራሩ የድሮውን የድንጋይ ቅስት ስለሚመስል ስሙ ተጣበቀበት። ከመገንጠያው በአጭር የእግር መንገድ ይደረስበታል፤ አፋፉ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች አይጠፉም።

ጢስ ዓባይ ያለው የአላታ ድልድይ ለስሙ የቀረበው ነው። የተሠራው በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1620ዎቹ ነው። ኢየሱሳውያን የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር ሚሲዮናውያን በቤተ መንግሥቱ የነበሩበት፣ በኖራ ማያያዝም በአካባቢው የተጀመረበት ዘመን ነው። በዓባይ ላይ ከተሠሩት የድንጋይ ድልድዮች ቀዳሚው እሱ ነው። «በእንቁላል ተቦክቶ ተሠራ» የሚለውን ወሬ በየቦታው ይሰማሉ፤ ማያያዣው ግን ኖራ ነው።

ሦስተኛው ከሞጣ በታች ያለው ሰባራ ድልድይ ነው። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይነገራል፤ ዐፄ ፋሲል ደግሞ ሚሲዮናውያኑን ከአገር ያስወጡ ንጉሥ ናቸው። ስለዚህ ድልድዩ የፖርቱጋል የሆነው በወሬ ነው። ሙያው ግን ሰዎቹ ከሄዱም በኋላ እዚሁ እንደቀረ ያሳያል፤ ይህ ከስሙ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ሰባራ ድልድይ እንዴት ይደረሳል?

ሞጣ አድረው በማግስቱ ነው። ከሰዓት በፊት ከደረሱ ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጎራ ይበሉ። መንገድ የሚያሳይ የአካባቢ ሰው ያገናኙዎታል፤ ቀበሌው ላይ «ማን ነህ?» ለሚልዎትም የሚያሳዩት ወረቀት ይሰጡዎታል። መሪ ሳይዙ አይውረዱ፤ ቁልቁል የሚወስዱት የከብትና የገበያ ቅያሶች ብዙ ናቸው፣ ግማሾቹ የሚያልቁት ማሳ ላይ ነው።

መኪና እስከሚገባበት ሄደው የቀረው በእግር ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ይነሡ። ሲወርዱ ቀላል ይመስላል፤ ስህተቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ዳገቱን የሚወጡት ፀሐይ አናት ላይ ሆኖ ነው። ለመውጣት የወረዱበትን ጊዜ እጥፍ ያስቡ። ለአንድ ሰው ቢያንስ 4 ሊትር ውኃ ይያዙ፤ የወንዙ ውኃ ደለል የሞላበት ስለሆነ ለመጠጥ አይታሰብም። ሰፊ ባርኔጣና ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ይበቃል።

የድልድዩ ነገር እንዲህ ነው፦ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተቆረጠ፤ «ሰባራ» የተባለውም በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የጎጃምና የበጌምድር ሰው ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ፣ ከማዶ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ክፍተቱ በብረት ተያያዘ፤ በ2005 የክረምት ሙላት ጠረገው። በ2009 በዚያው አካባቢ፣ ሙላት ከማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። አሁን ሕዝቡ የሚሻገረው በሱ ነው። በገበያ ቀን ከሄዱ እህል የጫኑ ሰዎችን ቅድሚያ ይስጡ፤ ድልድዩ ጠባብ ነው፣ ይወዛወዛልም።

ጢስ ዓባይን እንዴት ነው መዞር ያለብኝ?

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመናኸሪያ ወደ ጢስ ዓባይ ከተማ መኪና አለ፤ ጠዋት ይሂዱ። ሲወርዱ መመለሻው መኪና መጨረሻ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ረዳቱን ይጠይቁ፤ በደፈናው ከ9 ሰዓት በፊት ከተማው ውስጥ ተመልሶ መገኘት ይሻላል። የመግቢያ ትኬት የሚቆረጠው ከተማው ውስጥ ነው፤ ሳይቆርጡ ወደ ፏፏቴው የሄዱ ሰዎች ትኬት ለመቁረጥ ይመለሳሉ።

ዙሩ በዚህ ቅደም ተከተል ቢሆን ጥሩ ነው። መጀመሪያ በአላታ ድልድይ ዓባይን ይሻገራሉ። ድልድዩ ላይ ቆመው ወንዙ ምን ያህል ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ እንደገባ ይዩ፤ ግንበኞቹ ይህን ቦታ የመረጡት ለዚህ ነው፣ አጭር ቅስት ይበቃቸዋል። ከዚያ ዳገቱን ወጥተው ፏፏቴውን ፊት ለፊት ያዩታል። ቀጥለው በተንጠለጠለው የብረት ድልድይ የአላታን ወንዝ ተሻግረው ወደ ፏፏቴው ይጠጋሉ። መጨረሻ ላይ ከፏፏቴው በላይ ባለው ጸጥተኛ ቦታ በጀልባ ወደ ከተማው ወገን ይመለሳሉ። በዝግታ 2 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ጀልባው ካልሠራ በመጡበት መመለስ ስለሆነ አንድ ሰዓት ይጨምሩ። ለፎቶ የጠዋቱ ብርሃን ይሻላል። ፏፏቴው ሥር የሚደርሱት ውኃ ሲጎድል ብቻ ነው፤ ሲሞላ ድንጋዩ ሁሉ እርጥብና አንሸራታች ነው።

«ፏፏቴው ደርቋል» የሚሉት እውነት ነው?

ከፍታው 45 ሜትር ያህል ነው፤ ሲሞላ ስፋቱ ወደ 400 ሜትር ይሰፋል። ይህን የሚያዩት ግን በክረምትና ክረምቱ እንዳለቀ ነው። ምክንያቱ ኤሌክትሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 11.4 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ከፏፏቴው አጠገብ ተተከለ። በ1996 የጨራጨራ መቆጣጠሪያ በር ከሐይቁ መውጫ ላይ ተሠራ፤ በ2001 ደግሞ 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ተጨመረ። በፏፏቴው ላይ መውረድ የነበረበት ውኃ ዞሮ በቱቦ ይወርድ ጀመር። በ2010 የተመረቀው 460 ሜጋ ዋቱ የበለስ ጣቢያ ከጣና ምዕራባዊ ዳርቻ በዋሻ ውኃ ስለሚወስድ የጢስ ዓባይ ጣቢያዎች ሸክም ቀለለ፤ የጣና ውኃ ግን አሁንም ይከፋፈላል። ስለዚህ በበጋ የሚያዩት የውኃ መጠን በሰማዩ ብቻ ሳይሆን በበሩ አከፋፈት ይወሰናል። ከመሄድዎ በፊት ባሕር ዳር ውስጥ «ውኃ ተለቋል?» ብለው ይጠይቁ።

ባሕር ዳር ላይ ከወንዙ ጋር የተያያዘ ምን አለ?

ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ቦታ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ በእግር ይሻገሩት። ጠዋት በማለዳ በመውጫው አካባቢ ጉማሬ ይታያል፤ ለዚህም ነው ዳር ዳሩን በጨለማ መሄድ የማይመከረው።

ታንኳው ሊያመልጥዎት አይገባም። ከደንገል ነው የሚሠራው፤ የወይጦ ማኅበረሰብ የቆየ ሙያ ነው። ደንገሉ ይቆረጣል፣ ይደርቃል፣ በጥቅል በጥቅል ይታሰራል። ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ዳር ወጥቶ ቆሞ ይደርቃል፤ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ታንኳ ሲያዩ የተጣለ አይምሰልዎት። ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት ሰላምታ ይስጡ፣ ያስፈቅዱ።

ደሴቶቹን በሞተር ጀልባ ካሰቡ ጠዋት ይሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣና ሐይቁ ይናወጣል። የደኅንነት ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አይሳፈሩ። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባበትም፤ ደብረ ማርያምና የዘጌዎቹ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ለሁሉም ክፍት ናቸው።

ግሽ ዓባይ ምንጩ ጋ ለመድረስ ምን ደንብ አለ?

ከቲሊሊ ተገንጥሎ ወደ ሰከላ የሚገባው መንገድ ግሽ ዓባይ ከተማ ያደርሳል። ቲሊሊ ቢያድሩ ይመረጣል፤ ምክንያቱም ምንጩ ጸበል ስለሆነ የሚቀርበው እህል ውኃ ባልቀመሰ አፍ ነው። ቁርስ በልቶ የሄደ ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያያል። ጫማ ይወለቃል፣ ነጠላ ይለበሳል፤ በወር አበባ ላይ ያለች ሴት አትገባም። ካህናቱን «አባ» ብለው ጠርተው የመጡበትን ይንገሯቸው፤ የሚያስገቡትና የሚያስረዱት እነሱ ናቸው። ጸበል ለመውሰድ ንጹሕ ጀሪካን ይያዙ።

ብዙ ሰው ትልቅ ምንጭ ጠብቆ ይሄድና ይደናገጣል። ከ2,700 ሜትር ከፍታ በላይ፣ ረግረግ ሜዳ ዳር ያለ ትንሽ ዓይን ነው። ከዚያ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ይገባል፤ ከባሕር ዳር ሲመጡ ወተት ዓባይ ከተማ አጠገብ በድልድይ የተሻገሩት እሱ ነው፤ ምን ያህል እንዳደገ እዚያ አይተዋል። ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ጴድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1618 እዚህ ደርሷል፤ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ደግሞ በ1770። ለአካባቢው ሰው ግን ቦታው የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ነው፤ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጥተው ከዓመታት በኋላ ሳይርሱ እንደተቀበሉ ይተረካል። ጥር 13 ቀን በዓላቸው ሲከበር ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ማደሪያ ሳይዙ አይሂዱ።

የዓባይ ውኃ ሁሉ ከዚህ ምንጭ ነው?

አይደለም። ከጣና የሚወጣው ውኃ ወደ ሱዳን ከሚገባው ዓባይ ውስጥ ከዐሥር አንዱን እንኳ አይሞላም። ቀሪውን የሚያመጡት በሽሎ፣ ወለቃ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ዴዴሳ፣ ዳቡስና ሌሎቹ ናቸው። ዓባይ በረሃ ላይ የሚያዩት ድፍርስ ውኃ ከጢስ ዓባዩ የሚለየውም ለዚህ ነው።

የጤና ነገርስ?

በረሃው ውስጥም ባሕር ዳርም ወባ አለ፤ አጎበር ያለው ማደሪያ ይምረጡ። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ ስላለ አይዋኙ፣ በባዶ እግር ዳር ዳሩን አይራመዱ። ጸበል ለመጠመቅ የሚገቡ ሰዎች ይህን ራሳቸው ያስቡበት።

ገንዘብና ስልክ?

ባንክና የገንዘብ ማሽን ደብረ ማርቆስ፣ ሞጣ፣ ቡሬ፣ እንጅባራና ባሕር ዳር ያገኛሉ። ኔትወርክ ከተቋረጠ ማሽኑም ቴሌብርም አይሠራም፤ ለሁለት ቀን የሚበቃ ጥሬ ብር፣ በትናንሽ ኖት፣ ይያዙ። ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አስቀድመው ያውርዱ።

ድሮን ማስነሣትስ?

ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። ድልድይና የኃይል ጣቢያ አጠገብ ከሆነ ጉዳዩ ከዕቃው መወረስ አልፎ ይሄዳል። ይዘውት ባይመጡ ይሻላል።

ታላቁ የህዳሴ ግድብን በዚሁ ጉዞ ማየት ይቻላል?

ግድቡ ያለው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ጉባ ነው። መንገዱ ከኮሶበር በቻግኒ አድርጎ ወደ ምዕራብ ይገነጠላል፤ ለመግባትም አስቀድሞ የተሰጠ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን ሳይዙ ከኮሶበር አይታጠፉ።